የሃሪሰን አልበሞች የቢትልስ ትራፊ አይደሉም

ጃንዋሪ 10 ቀን 1969 ቢትልሶች ለንደን ውስጥ በትዊክንሃም የፊልም ስቱዲዮ አዳዲስ ዘፈኖች ይለማመዱ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ካሜራዎቹ የሚነገረውን ሁሉ ይቀርጻሉ። ምሳ ሰዓት ገደማ ጆርጅ ሃሪሰን ከባንዱ መልቀቁን ለጓደኞቹ ነግሮ ወደ ቤቱ ሄደ። በዚያው ቀን «ዋ-ዋ» የተሰኘውን ዘፈን ጻፈ። ፒተር ጃክሰን በ2021 ባወጣው ረጅም ዘጋቢ ፊልም ላይ ያንን ሳምንት የተመለከተ ሰው፣ ሃሪሰን ያመጣቸው ዜማዎች አንድ ሁለቴ ተሞክረው እንዴት ወደ ጎን እንደሚባሉ በዓይኑ አይቷል።

ሃሪሰን ከአሥር ቀናት ያህል በኋላ ተመለሰ፤ ባንዱ ግን በቀጣዩ ዓመት ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ ስላወጣቸው የግል አልበሞች በተነሳ ቁጥር አንድ ፍርድ ይደጋገማል። የመጀመሪያው ትልቅ አልበሙ ያማረው ቢትልሶች ያልተቀበሏቸው ዘፈኖች ተጠራቅመው ስለነበር ነው፣ ክምችቱ ሲያልቅ ሰውየውም አለቀ ይባላል። ግማሽ እውነት ስላለበት ይህን ፍርድ ከሰው አእምሮ ማውጣት ያስቸግራል። ቀሪው ግማሽ ግን ሃሪሰንን ብቻ ሳይሆን በታላላቅ ባንዶች ውስጥ ከጥግ ቆመው የተጫወቱ ጊታሪስቶችን ሁሉ የሚበድል ነው። የሃሪሰን አልበሞች በተከታታይ ሲደመጡ የሚያሳዩት ሌላ ነገር ነው። ሥራው ከፍ የሚለውና ዝቅ የሚለው በክምችቱ ብዛት ሳይሆን አብረውት በተቀመጡት ሰዎች ነበር።

እውነት የሆነውን ግማሽ አስቀድሞ ማየት ይገባል። በ1966 በወጣው «ሪቮልቨር» ላይ ከ14 ዘፈኖች 3ቱ የሃሪሰን ናቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ በወጣው፣ «ነጩ አልበም» እየተባለ በሚጠራው ድርብ ሸክላ ላይ ከ30 ዘፈኖች የደረሱት 4 ነበሩ። በ1969ኙ «አቢ ሮድ» ደግሞ ሁለት ብቻ። እነዚያ ሁለቱ «ሳምቲንግ» እና «ሂር ካምስ ዘ ሰን» መሆናቸውን ልብ ይሏል። የመጀመሪያውን ፍራንክ ሲናትራ ሳይቀር ዘፍኖታል፤ ሁለተኛው ዛሬ በስፖቲፋይ ከቢትልስ ሥራዎች ሁሉ በብዛት የሚደመጠው ነው።

እዚህ ላይ ጆን ሌነንንና ፖል ማካርትኒን ክፉ አድርጎ መሳል ቀላል ነው፣ ተገቢ ግን አይደለም። ሁለቱ ከልጅነታቸው ጀምረው ጎን ለጎን ተቀምጠው የሚጽፉ ሰዎች ነበሩ። ዘፈኖቻቸውን የሚያስተዳድረው ኖርዘርን ሶንግስ የተባለው ኩባንያ የተቋቋመውም በእነሱ ድርሰት ላይ ነው፤ የሃሪሰን ድርሻ ኢምንት ነበር። አንድ ሸክላ የሚይዘው ደቂቃ የተወሰነ ነው። በሁለት ታላላቅ ደራሲዎች መካከል የቆመ ሦስተኛ ደራሲ፣ ማንም ክፉ ሳያስብበት ወረፋ ሲጠብቅ ይኖራል። «ኢዝንት ኢት ኤ ፒቲ» የተባለውን ዘፈን የጻፈው በ1966 ነው፤ በአልበም የወጣው በ1970። አራት ዓመት ሙሉ ዘፈኑ የትም አልሄደም። በመጨረሻ ሲወጣ ሃሪሰን በአንዱ አልበም ላይ ሁለት ጊዜ፣ በሁለት ዓይነት አቀነባበር አስገባው፤ አንደኛው ብቻውን ከ7 ደቂቃ በላይ ይፈጃል። ያን ያህል ዘመን ቦታ የተነፈገ ሰው ቦታ ሲያገኝ እንዲህ ቢያደርግ የሚፈረድበት አይመስልም።

ያ አልበም «ኦል ቲንግስ መስት ፓስ» ነው። ከሱ በፊት ሁለት አልበሞች ነበሩ። አንደኛው በ1968 የወጣው የፊልም ማጀቢያ «ወንደርዎል ሚውዚክ» ሲሆን፣ ከፊሉ ቦምቤይ ውስጥ ከህንድ ሙዚቀኞች ጋር ተቀርጿል። ከአራቱ ቢትልሶች የግል አልበም በማውጣት ቀዳሚው በዚህ ምክንያት ሃሪሰን ነው። ሁለተኛው በሙግ ሲንተሳይዘር የተሠራው የ1969ኙ «ኤሌክትሮኒክ ሳውንድ» ነው፤ ከሙከራነት ያለፈ ነገር የለውም።

ሦስተኛው በ1970 ኖቬምበር ሲወጣ ሦስት ሸክላ በአንድ ሳጥን ይዞ መጣ። በውስጡ 23 ሥራዎች ነበሩ። በአሜሪካ ለሰባት ሳምንታት የሰንጠረዡ ቁንጮ ላይ ተቀመጠ። «ማይ ስዊት ሎርድ» የተባለው ዘፈን በእንግሊዝም በአሜሪካም አንደኛ ወጣ፤ ከባንዱ መፍረስ በኋላ ለዚህ የበቃ የመጀመሪያው ቢትል ሌነንም ማካርትኒም ሳይሆን ጊታሪስቱ ሆነ።

ታሪኩ የበለጠ የሚጥመው ግን በቀረጻው ክፍል ውስጥ ነው። ቀረጻው በሜይ 1970 መጨረሻ አቢ ሮድ ስቱዲዮ ሲጀመር ሃሪሰን ብዙ ሰው ይዞ ነበር የገባው። ኤሪክ ክላፕተን በጊታር፣ ሪንጎ ስታር እና ጂም ጎርደን በድራም፣ ክላውስ ፎርማን በቤዝ፣ ቢሊ ፕሬስተን በኪቦርድ ተሰለፉ። ባድፊንገር የተባለው ባንድ አባላት ደግሞ ምት ለማጠናከር አኮስቲክ ጊታር ይመታሉ። ፒት ድሬክ ፔዳል ስቲል ጊታሩን ይዞ ከናሽቪል ድረስ መጣ። ድሬክ የጊታሩን ድምፅ በቱቦ ወደ አፉ አስገብቶ ጊታሩን «የሚያናግርበት» መሣሪያም ነበረው። እዚያው ክፍል ውስጥ አኮስቲክ ጊታር ሊመታ የተጠራ ፒተር ፍራምፕተን የተባለ ወጣት ይህን አይቶ ተደነቀ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዚያው መሣሪያ ስሙን በዓለም አስጠራ። የአንዱ ሰው አልበም ሲቀረጽ የሌላው ሰው ሕይወት እንዲህ ተለወጠ።

ትዊክንሃምን ትቶ በሄደበት ቀን የጻፈውን «ዋ-ዋ»ን ያን ሁሉ ሰው በአንድ ላይ አስቀምጦ ቀረጸው። ፕሮዲዩሰሩ ፊል ስፔክተር ነበር። የስፔክተር ስልት የታወቀ ነው፤ ብዙ መሣሪያ በአንድ ጊዜ ያስመታና በማስተጋቢያ አፍኖ አንድ ግዙፍ ድምፅ ያደርገዋል። ሃሪሰን ኋላ እንደተናገረው፣ ሲጫወቱት ያማረው ነገር ተመልሶ ሲደመጥ አስጠልቶት ነበር፤ እየቆየ ነው የለመደው። አልበሙ ከ30 ዓመት በኋላ እንደገና ሲታተምም ዘፈኖቹን ከዚያ ሁሉ ማስተጋቢያ ነፃ የማውጣት ፍላጎት እንዳለው ተናግሯል። ልጁ ዳኒ በ2021 ባስወጣው አዲስ ቅንብር ይህ ፍላጎት በከፊል ተፈጽሟል። አዲሱ ቅንብር የሃሪሰንን ድምፅ ወደፊት ያመጣዋል፤ «ቢሃይንድ ዛት ሎክድ ዶር»ን የመሳሰሉ ቀጭን ዘፈኖች በዚህ ተጠቅመዋል። «ዋ-ዋ» ግን የድሮው ይሻላል። ዘፈኑ የተወለደው አንድ ሰው በሌሎች ሰዎች ጫጫታ መሃል ድምፁ አልሰማ ብሎት ነው፤ ጫጫታው ሲቀነስለት ቁጣውም አብሮ ይቀነሳል።

እዚያው ሳጥን ውስጥ ያለው ሦስተኛው ሸክላ የሙዚቀኞቹ ጨዋታ ነው፤ አብዛኛው ያለ ግጥም፣ ያለ ዕቅድ የተመታ። አልበሙን የሚወዱ ሰዎች ጭምር አንድ ጊዜ ሰምተው ይተውታል፤ እውነትም ቢቀር የሚጎድል ነገር የለም።

ሃሪሰን እንደ ጊታሪስት ስላደረገው ነገር ግን በቂ አይወራም። የታላቅ ባንድ ሊድ ጊታር ተጫዋች የግል አልበም ሲያወጣ ሰው የሚጠብቀው ረጃጅም ሶሎ፣ የጣት ፍጥነት፣ የችሎታ ሰልፍ ነው። ሃሪሰን ፍጥነት የሚፈልገውን ቦታ ለክላፕተን ለቀቀና ለራሱ ከዚያ በፊት ያልነበረውን ድምፅ ፈለገ። በ1969 ዴሴምበር ዴላኒ ኤንድ ቦኒ ከተባሉት አሜሪካውያን ባልና ሚስት ባንድ ጋር በአውሮፓ መድረኮች ሲዞር የጀመረው ስላይድ ጊታር መታወቂያው ሆነ።

ተራ ጊታር አንገቱ ላይ የብረት መስመሮች ተተክለውበታል። ጣት ክሩን በመስመሮቹ መካከል ሲጫነው የሚወጣው ድምፅ የተወሰነ ነው፤ በሁለት ድምፆች መሃል ያለው በቀላሉ አይገኝም። ስላይድ የሚጫወት ሰው ጣቱ ላይ የመስታወት ወይም የብረት ቱቦ ያጠልቅና ክሩን ወደ ታች ሳይጫን ላዩ ላይ ያንሸራትተዋል። ማሲንቆ ላይ የአዝማሪው ጣት እንደሚያደርገው፣ ድምፁ ሳይቆራረጥ ከአንዱ ማረፊያ ወደ ሌላው ይጎተታል። አደጋውም ያው ነው፤ ጣት በጥቂቱ ከሳተ ዜማው ይበላሻል። ሃሪሰን ለዚህ ጆሮውን ያሠለጠኑለት ከ1966 ጀምሮ ሲታር ያስተማሩት ራቪ ሻንካር ናቸው። በሲታር ትልቅ ደረጃ እንደማይደርስ ሲያውቅ መሣሪያውን አስቀመጠ፤ የተማረው አጎታተት ግን ጣቱ ላይ ቀረ። «ማይ ስዊት ሎርድ» መግቢያ ላይ ሁለት የስላይድ ድምፆች እየተከታተሉ ሲገቡ የሚሰማው እሱ ነው። ኖታው ጥቂት ነው፤ ለአጭር ጊዜ ይሰማል፣ ግን ሃሪሰን መሆኑን ለመለየት አንድ መስመር ይበቃል።

በ1971 ራቪ ሻንካር ወደ ሃሪሰን ሌላ ጉዳይ ይዘው መጡ። በምሥራቅ ፓኪስታን ከአውሎ ነፋስ ላይ ጦርነት ተደርቦ ሚሊዮኖች ወደ ህንድ ይሰደዱ ነበር። ሃሪሰን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ስልክ እየደወለ ሙዚቀኞችን አሰባሰበና ኦገስት 1 ቀን ኒው ዮርክ በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ሁለት ኮንሰርት አዘጋጀ። መድረክ ላይ እነማን ነበሩ? ክላፕተን፣ ስታር፣ ፕሬስተን፣ ፎርማን፣ ባድፊንገር። ከአንድ ዓመት በፊት አልበሙን የሠሩት ሰዎች ናቸው። ሌነንና ማካርትኒ አልመጡም፤ ቦብ ዲላን ግን መጣ።

ይህ ለኢትዮጵያ አንባቢ የሩቅ ታሪክ አይደለም። ከ14 ዓመት በኋላ፣ በእኛ አቆጣጠር በ77ቱ ድርቅ ጊዜ፣ ጁላይ 13 ቀን 1985 በለንደንና በፊላደልፊያ የተካሄደው ላይቭ ኤይድ የሄደው ሃሪሰን ባሳየው መንገድ ነው። የሮክ ሙዚቀኞች በአንድ መድረክ ተሰብስበው ለሩቅ አገር ረሃብተኞች ገንዘብ ማሰባሰብ እንደሚችሉ ቀድሞ ያስመሰከረው የኒው ዮርኩ ኮንሰርት ነበር። ችግሩንም ቀድሞ አሳይቷል። ከመግቢያ ትኬት የተሰበሰበው 243,418 ዶላር ከ50 ሳንቲም ለዩኒሴፍ በቶሎ ተላልፏል። ከአልበሙና ከፊልሙ የመጣው ብዙ እጥፍ ገንዘብ ግን ዝግጅቱ አስቀድሞ በበጎ አድራጎት ስላልተመዘገበ በአሜሪካ የግብር ጥያቄ ለዓመታት ተያዘ። ድርቅና ረሃብ ያየ አገር ሰው፣ የዕርዳታ ገንዘብ በወረቀት ምክንያት ሲዘገይ ምን ማለት እንደሆነ ማንም እንዲነግረው አያስፈልገውም።

ከዚህ ከፍታ በኋላ መውረድ መጣ፤ ይህን መካድ አይቻልም። በ1974 ከራቪ ሻንካር ጋር ሰሜን አሜሪካን ሲዞር ጉሮሮው ተዘግቶ ነበር። ያኔ የወጣው «ዳርክ ሆርስ» አልበም ላይም ያው የሻከረ ድምፅ ተቀርጿል። ልምምድና ቀረጻ በአንድ ጊዜ እየሠራ፣ የአልበሙን ቀነ ገደብ ለማድረስ እየሮጠ የሠራው ሥራ ነው። አዲስ ዘፈን ማጣት አልነበረም ችግሩ፤ «ቆይ፣ ይህንን ደግመን እንቅረጸው» የሚለው ሰው አጠገቡ አለመኖሩ ነበር።

የፍርድ ቤቱ ነገርም ነበረ። «ማይ ስዊት ሎርድ» ዘ ሺፎንስ የተባሉት ልጃገረዶች በ1963 ከዘፈኑት «ሂዝ ሶ ፋይን» ጋር ይመሳሰላል ተብሎ ተከሰሰ። በ1976 ኒው ዮርክ ውስጥ ዳኛ ሪቻርድ ኦወን ሃሪሰን ዜማውን የወሰደው ሆን ብሎ ሳይሆን ሳያውቀው ነው፣ ይህም ቢሆን ከተጠያቂነት አያድነውም ሲሉ ወሰኑ። ለዜማ ደራሲ ከዚህ የከፋ ፍርድ ያለ አይመስልም። የሰረቀ ሰው ቢያንስ ከስርቆቱ መቆጠብ ይችላል፤ ሳያውቅ ወሰደ የተባለ ሰው ግን ከዚያ በኋላ ጊታር ባነሳ ቁጥር የሚመጣለትን ዜማ ሁሉ መጠርጠር ይጀምራል። ሃሪሰን ራሱ ይህ ፍርሃት እንደያዘው ተናግሯል። የክርክሩን ጣጣ «ዚስ ሶንግ» በተባለ ዘፈን ቢመልስበትም የገንዘቡ ክርክር ከዚያ በኋላም ዓመታት ፈጀ።

በ1980 ያቀረበውን አልበም የሸክላ ኩባንያው አልቀበልም ብሎ ዘፈኖች እንዲቀይር አደረገው። ቢትልስ ውስጥ ወረፋ ሲጠብቅ የኖረ ሰው በ37 ዓመቱ እንደገና ሥራው ተመለሰለት። በ1982 «ጎን ትሮፖ»ን ያለ ምንም ማስተዋወቅ አወጣና ለአምስት ዓመት ያህል አልበም ተወ። በዚያ ጊዜ ውስጥ የአትክልት ቦታውን ይንከባከብ፣ ሃንድሜድ በተባለው ኩባንያው ፊልም ይሠራ ነበር።

የሌሎች ባንዶችም ታሪክ እዚህ ላይ ይረዳል። ኪት ሪቻርድስ ከሮሊንግ ስቶንስ ውጪ አልበም ማውጣት አይፈልግም ነበር፤ ሚክ ጃገር ለራሱ ሥራ ሲሄድበት ነው በ1988 «ቶክ ኢዝ ቺፕ»ን የሠራው። ሲሠራ ግን ወዲያው አዲስ ባንድ አቋቋመ። አልበሙ ጥሩ የሆነው ባንድ ስለሚመስል ነው። የዘ ሁው ፒት ታውንሴንድ በ1980 ያወጣው «ኤምፕቲ ግላስ» ደግሞ ተቃራኒውን ችግር ያነሳል። ደራሲው ጊታሪስቱ በሆነበት ባንድ ውስጥ ጥሩው ዘፈን ለግል አልበሙ ሲቀር ባንዱ ይራባል። ስለዚህ የጊታሪስት የግል አልበም ሁሉ አንድ ዓይነት ዕጣ የለውም። ሃሪሰን ወደ ሪቻርድስ ይቀርባል።

ይህን የሚያረጋግጠው በ1987 የሆነው ነው። ሃሪሰን ፕሮዲዩሰሩን ጄፍ ሊንን ይዞ «ክላውድ ናይን»ን ሠራ። ስታር፣ ክላፕተንና ኤልተን ጆን መጥተው ተጫወቱ። «ጋት ማይ ማይንድ ሴት ኦን ዩ» በ1988 መጀመሪያ በአሜሪካ አንደኛ ወጣ። ዘፈኑ የሱ አይደለም፤ ሩዲ ክላርክ ጽፎት ጄምስ ሬይ የዘፈነው ነው። ሃሪሰን ሸክላውን ያገኘው በ1963 ኢሊኖይ የምትኖር እህቱን ሊጠይቅ በሄደ ጊዜ ነበር፤ ቢትልሶች አሜሪካን ከማናወጣቸው ከወራት በፊት። 24 ዓመት ያቆየውን ዘፈን ከሚወዳቸው ሰዎች ጋር ሲጫወተው አዲስ ሆነ። «ሰውየው አለቀ» ያሉት ሁሉ እዚህ ላይ ተሳስተዋል፤ የቢትልስ ዘመኑ ክምችት ካለቀ ቆይቶ ነበርና።

ወዲያው ቀጥሎ ለአንድ ነጠላ ዜማ ጀርባ የሚሆን ዘፈን ቸኩሎ ለመቅረጽ ዲላን ማሊቡ ያለውን ቤቱን እንዲያውሰው ጠየቀ። ሊን፣ ቶም ፔቲ እና ሮይ ኦርቢሰንም ተገኙ። የተቀረጸው «ሃንድል ዊዝ ኬር» ለሸክላ ጀርባ የሚጣል እንዳልሆነ ኩባንያው ራሱ ተረዳ፤ አምስቱም ትራቭሊንግ ዊልበሪስ የሚባል ባንድ ሆኑ። ከባንድ በር ዘግቶ የወጣው ሰው በ45 ዓመቱ በገዛ ፈቃዱ ባንድ መሠረተ። ልዩነቱ በዚህኛው ባንድ ውስጥ ማንም ወረፋ አለመጠበቁ ነው፤ አምስቱም እየተቀባበሉ ዘፈኑ።

የመጨረሻው አልበም «ብሬይንዎሽድ» የወጣው ሃሪሰን በኖቬምበር 2001 በካንሰር ከሞተ ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። ለዓመታት ቤቱ ውስጥ እየጀመረ የተወውን ሥራ ልጁ ዳኒና ጄፍ ሊን የተወላቸውን መመሪያ ተከትለው ጨረሱት። እዚያ ውስጥ ግጥም የሌለው «ማርዋ ብሉዝ» የተባለ ሥራ አለ፤ ማርዋ ፀሐይ ስትጠልቅ የሚጫወቱት የህንድ ራጋ ነው። ከአራት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ስላይድ ጊታሩ ብቻውን ዜማውን ይዞ ይሄዳል፤ የሻንካር ትምህርትና የዴላኒ ኤንድ ቦኒ መድረክ እዚያ ላይ ሊለያዩ በማይችሉበት ሁኔታ ተዋህደዋል። በ2004 የግራሚ ሽልማት ያገኘው በዚህ ነው፤ ለዘፋኝነቱም ለደራሲነቱም ሳይሆን ለጊታሩ። ሃሪሰንን ከቢትልስ ሰንጠረዥ ላይ ሦስተኛ አድርገው የሚያስቀምጡ ሰዎች መጀመሪያ «ማርዋ ብሉዝ»ን ቢሰሙት ጥሩ ነው፤ ከዚያ ወደ 1970ው ሳጥን ቢመለሱ አልበሙን የሚሰሙት በሌላ ጆሮ ይሆናል።